ጉጉት «ይጮኻል» ብቻ ነው ወይስ የራሱ ግስ አለው?

ቃል ፈላጊ

አንበሳ ያገሳል፣ አህያ ያናፋል፣ ፈረስ ያሽካካል። ጉጉትስ? ገጠር ለሚወጡ ተማሪዎች ማታ ጉጉትን በድምፅ ለይቶ ለማግኘት የሚረዳ አጭር መመሪያ እየተዘጋጀ ነው። በየመስመሩ «ጮኸች» ከተባለ አንዷን ከሌላዋ መለየት አይቻልም። ለወገኑ ሁሉ የጋራ ስም «የሌሊት ወፍ» ቢባልስ ያስኬዳል?

የደጋ ሰው

ከኋለኛው ልጀምር፤ አያስኬድም። የሌሊት ወፍ ክንፏ ቆዳ የሆነ፣ ልጇን የምታጠባ ሌላ ፍጥረት ናት። ዘሌዋውያን 11 ላይ የማይበሉት ሲቆጠሩም ጉጉትና የሌሊት ወፍ ለየብቻ ተጠርተዋል። «ጉጉት» ብቻውን ይበቃል። «ጓጓ» ከሚለው ከሚወጣው ጉጉት ጋር በጽሕፈት ቢገጥምም ዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል።

ግሱን በተመለከተ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል መፈለግ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ጉጉቶች አንድ ዓይነት ድምፅ የላቸውም። አማርኛ ደግሞ የድምፅ ግስ አልቸገረውም፤ ለእያንዳንዷ የሚስማማውን መምረጥ ነው።

በደን ውስጥ፣ ለምሳሌ በወንዶ ገነት ወይም በሐረና፣ ከቅጠል መሐል «ሁ-ሁ፣ ሁ-ሁ-ሁ፣ ሁ-ሁ» የሚል ምቱን የጠበቀ ድምፅ ቢመጣ የአፍሪካ የደን ጉጉት ናት። ለእሷ «ታንጎራጉራለች» ብል ደስ ይለኛል፤ ድምፁ ለስላሳና ዜማ ያለው ነው፤ ወንዱ ሲጀምር ሴቷ ከፍ ባለ ድምፅ ትቀበለዋለች። ዓይኗ ጥቁር ቡናማ ነው፣ በራሷ ላይ ቀንድ የሚመስል ላባ የላትም።

ትልቋ፣ የዓይኗ ቆብ ሐምራዊ የሆነው፣ በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ዙሪያ ትልልቅ ግራርና የወንዝ ዳር ዛፍ ላይ የምትውለው፣ ታጉረመርማለች። ቁመቷ 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ድምፅዋም ወፍራምና የተቆራረጠ ነው። ሰው ጉጉት ሳይሆን አውሬ የሰማ ይመስለዋል። እዚህ ላይ «ጮኸች» ተብሎ ከተጻፈ ተማሪው ቀጭን ድምፅ ሲጠብቅ ያመልጠዋል።

ባለ መነጽር

የቆላዎቹን ልጨምር።

በግራር ቁጥቋጦ አገር፣ ላንጋኖና አብያታ ሻላ አካባቢ፣ በየ5 እስከ 8 ሰከንዱ አንዴ «ፕርርፕ» የምትል ትንሽ ጉጉት አለች፤ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። ብዙ ሰው እንቁራሪት ወይም ፌንጣ ነው ብሎ ያልፋታል። መለያው እረፍቱ ነው። በሰዓት ቁጠሩ፤ እንቁራሪት አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፣ ይደራረባል። እሷ ግን ክፍተቷን ጠብቃ ለረጅም ጊዜ ትቀጥላለች። ግሱ «ትንርር አለች» ቢባል? ያልተለመደ ከመሰለ «አጭር፣ የሚርገበገብ ድምፅ ታሰማለች» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

ዕንቁ ነጠብጣቧ ደግሞ በቀንም ትሰማለች። እሷ በትክክል ታፏጫለች፤ ፉጨቱ እየፈጠነና እየቀጠነ ይወጣል፣ ጥቂት ትቆማለች፣ ከዚያ ረዘም ያሉ ወደታች የሚወርዱ ፉጨቶች ይከተላሉ። ከኋላ ስትታይ ማጅራቷ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ፤ ዓይን ይመስላል። «ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች» ብሎ ጀርባዋን የሚያይ ተመልካች ብዙ ነው። ምንቃሩን ፈልጉ፤ ምንቃር ከሌለ ማጅራት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር፣ በፍርስራሽና በጎተራ አካባቢ የምትኖረው ፊተ ነጯ ጉጉት አታንጎራጉርም አታፏጭም። ትሰነጥቃለች ልበል? ድምፅዋ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ሸካራ ነው። ጫጩቶቿ ደግሞ «ሽሽሽ» እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ይለምናሉ። ያ ድምፅ ከመቃብር ወይም ከጣራ ሥር ሲመጣ የሰማ ሰው መንፈስ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ቃል ፈላጊ

«አላዘነች» የሚለውስ? የአንዳንዶቹ ድምፅ ሐዘን ያለበት ይመስላል።

የደጋ ሰው

«አላዘነ» ለውሻና ለጅብ ይቆይ። ገጠር ላይ ማታ ጅቡም አብሮ ስለሚሰማ አንባቢውን ያደናግራል። ደግሞ በደጋ ማታ ማታ ቀጭንና አሳዛኝ ፉጨት የሚያሰማ ሌላ ወፍ አለ፤ መሬት ላይ የሚተኛ፣ ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ ቀይ ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራ፣ አፉ ሰፊ፣ እግሩ አጭር። ጉጉት አይደለም። ከደጋ ሰምተን «የጉጉት ሐዘን» የምንለው ብዙ ጊዜ የእሱ ድምፅ ነው። በመመሪያው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

የሀገር ቤት ቃል

ከግሱ በፊት ስለ ቦታው ቃል ይታረም። ረቂቆች ላይ «የጉጉት ማደሪያ» የሚል አያለሁ። ዶሮ ቆጥ ላይ ታድራለች፤ ጉጉት ግን የምታድረው በአደን ነው። የምታርፍበት ዛፍ መዋያዋ ነው። ልዩነቱ ለፈላጊው ትልቅ ጥቅም አለው፦ መዋያዋ በቀን ይፈለጋል፣ ማታ ደግሞ ከመዋያዋ ስትወጣ ትሰማለች።

መዋያ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ በኩስ። ከአንድ ቅርንጫፍ ሥር ኖራ የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ኩስ ከተጠራቀመ ቀና በሉና ከግንዱ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠውን ነገር ፈልጉ። ሽመላና አሞራም ኩሳቸው ብዙ ነው፤ የእነሱ ግን በዛፉ ጫፍ ካለ ጎጆ ሥር ሰፊ ቦታ ይዞ ይረጫል። ሁለተኛ በጫጫታ። ትናንሽ ወፎች በቀን አንድ ዛፍ ከበው ከተንጫጩ፣ ወይ እባብ ነው ወይ ጉጉት። «ተንጫጩ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በትክክል ቦታው ነው።

ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የኮሶና የጽድ ደን፣ የአገሬው አስጎብኚዎች የአቢሲኒያን ጉጉት በዚሁ መንገድ በቀን ያሳያሉ። በሳይንሳዊ ስሟም አሲዮ አቢሲኒከስ ነው የምትባለው። ረጅም ቁንጮ፣ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ዓይን፣ ጥቁር ቡናማ ላባ። ቁንጮውን «ጆሮ» የሚለው ይቅር። ላባ ነው፤ እውነተኛው ጆሮ በፊቷ ክብ ላባ ጠርዝ ሥር ተሸፍኗል። በፊተ ነጯ ላይ እንዲያውም አንዱ ጆሮ ከሌላው ከፍ ይላል፤ በጨለማ አይጥ ከላይ ይሁን ከታች የምትለየው በዚያ ነው።

ባለ መነጽር

ጥሩ ተባለ። የምሽቱን አሠራር ላስቀምጠው፣ ቃሉን እናንተ ታርሙታላችሁ።

ነፋስና ዝናብ የሌለበት ምሽት ይመረጥ። ነፋስ ቅጠሉን ሲያንኮሻኩሽ ለስላሳው ድምፅ ይጠፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በግምት ከ12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ፣ ቦታ ይያዝ፤ ሙሉ ጨለማ ሳይሆን ድንግዝግዙ ነው ዋናው። ሌላው ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ያለው ሰዓት ነው። ቆሞ 10 ደቂቃ ዝም ማለት። እየተራመዱ መስማት አይቻልም፤ የገዛ እግር ድምፅ ይሸፍነዋል። መዳፍን ከጆሮ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ ቀስ ብሎ መዞር ድምፁ የመጣበትን ወገን ያሳያል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ርቀቱ ነው። ጉጉቷ ራሷን ስታዞር ድምፅዋ ይዳከማል፣ ሰው ግን «ሄደች» ይላል። ስለዚህ ሁለት ሰው 50 እርምጃ ያህል ተራርቆ ይቁም፤ እያንዳንዱ ድምፁ ወደመጣበት እጁን ይዘርጋ፤ ሁለቱ አቅጣጫ የሚገናኙበት ዛፍ ላይ ፈልጉ።

ባትሪውን በቀጥታ ዓይኗ ላይ አታብሩ፤ ቀይ ላስቲክ ሸፍናችሁ ከዛፉ ጎን አሳልፉት። የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ማሰማትንም አልደግፍም። ባላጋራ የገባባት መስሏት አደኗን ትታ ትመጣለች፣ ጫጩት ካላት ደግሞ ጎጆዋ ብቻውን ይቀራል። ምንቃሯን ቀጭ ቀጭ ካደረገች ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ተመለሱ።

ቃል ፈላጊ

«እንደ ጉጉት አፈጠጠ» የሚባለውንም ላስገባው አስቤአለሁ። ከእውነቱ ጋር ይሄዳል?

የሀገር ቤት ቃል

ይሄዳል፣ ምክንያትም አለው። የጉጉት ዓይን ኳስ አይደለም፣ ወደ ውስጥ የረዘመ ቱቦ መሰል ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ አይንቀሳቀስም። ጎን ለማየት ራሷን ሙሉ ታዞራለች። አንገቷ 14 አጥንት ስላለው እስከ 270 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ የምታየውን ሁሉ ዓይኗን ሳታንከባልል ነው የምታየው፤ አፈጠጠ ማለት ይኸው ነው።

«ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል» የሚለውን ሟርት ግን መመሪያው ውስጥ ብትጠቅሱት፣ ቀጥላችሁ ምክንያቱን ጻፉ፦ ቤት አጠገብ የምትመጣው ጎተራው አይጥ ስላለው ነው። ገበሬው በድንጋይ ሲያባርራት አይጡ ይቀርለታል።

ቃል ፈላጊ

የመጨረሻ ጥያቄ። ጉጉት ሳይፈጭላት የሚቀረውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ በአፏ ታወጣለች። ስሙ ምን ይባል? «ትውከት» ደስ አላለኝም።

የደጋ ሰው

ትውከት የሕመም ነው፤ ይህ ጤነኛ ወፍ በየቀኑ የምታደርገው ነው። «እንክብል» በሉት፣ ግሱ ደግሞ «ተፋች»። ከሸለምጥማጥ ዓይነ ምድር ጋር እንዳይቀላቀል እነዚህን ጨምሩ፦ የሸለምጥማጡ ጫፉ የሾለ፣ የተጠማዘዘ፣ የሚሸት ነው፣ አጥንቱም የተሰባበረ። እንክብሉ ድቡልቡል ነው፣ ሲደርቅ አይሸትም፣ አጥንቱ ደህና ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አኑራችሁ በስንጥር ብትለያዩት የራስ ቅሉ ሳይሰበር ይወጣል፤ በጥርሱ አይጥ ይሁን ፍልፈል ትለያላችሁ። ጓንት ይደረግ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ።