ሜሪላንድ ተቀምጦ ኢንዲያናፖሊስ የሚከራይ ቤት መግዛት ያዋጣል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ናችሁ። እዚህ አካባቢ የቤት ዋጋ አይቀመስም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዬን የሚከራይ ቤት ኢንዲያናፖሊስ ልግዛ ብዬ ስፈልግ አንድ አገኘሁ። ሦስት መኝታ፣ 140 ሺህ ዶላር። ኪራዩ በወር 1,350 ያወጣል ይላሉ። ታክሱ በዓመት 1,100 ተብሎ ተጽፏል። ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) 20 ከመቶ እከፍላለሁ፤ ግማሹ ከእቁብ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። እዚያ የማውቀው ሰው የለም፣ ቤቱንም በቪዲዮ ነው ያየሁት። ምን ትሉኛላችሁ?

ሂሳብ ይቅደም፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን 1,100 እርሻት። እሷ አሁን ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ባለቤት የሚከፍላት ናት። ኢንዲያና ውስጥ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የታክሱ ጣሪያ ከቤቱ ግምት 1 ከመቶ ነው፣ ለሚከራይ ግን 2 ከመቶ፤ በዛ ላይ ነዋሪው የሚያገኘው ቅናሽ ለአንቺ የለም። ስለዚህ 2,800 ብለሽ ያዢ። እስቲ አብረን እንምታው፦ 112 ሺህ ብድር በ7 ከመቶ ለ30 ዓመት፣ በወር 745 አካባቢ። ታክስ 233። ኢንሹራንስ 120 እንበል። ቤቱን የሚያስተዳድርልሽ ፕሮፐርቲ ማኔጀር ከኪራዩ 10 ከመቶ፣ 135። ተረፈሽ 117 ዶላር፣ ያውም ምንም ሳይበላሽ። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከዋለ የዓመቱ ትርፍ ሄደ ማለት ነው። ማኔጀሩ ደግሞ አዲስ ተከራይ ባስገባ ቁጥር ለብቻው ያስከፍላል፣ ብዙ ጊዜ የግማሽ ወይም የአንድ ወር ኪራይ። በ140 አልገዛውም።

ብድር ላይ የምሠራ፦ የእቁቡን ነገር ማንም አላነሳም እኮ! አበዳሪው የመጨረሻውን ሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል። ድንገት ትልቅ ብር ከገባ ከየት መጣ ብሎ ወረቀት ይጠይቃል፤ እቁብ ደግሞ በመተማመን የሚሄድ ነገር ነው፣ ምን ወረቀት አለው? ብሩን አካውንትሽ ውስጥ አስገቢ፣ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጥ፣ ከዛ አመልክቺ። ጥሬ ብር ከ10 ሺህ በላይ ሲገባ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፣ በዛ አትደንግጪ። እሱን ፈርተሽ ከፋፍለሽ እንዳታስገቢ ብቻ። ወንጀሉ እሱ ነው።

ኦሃዮ የማከራይ፦ እኔ ብሆን ከቤቱ በፊት ማኔጀር ነበር የምፈልገው። ደውይና «የትኛውን ሰፈር አትይዙም?» በያቸው። ሻጭ የማይነግርሽን እነሱ ይነግሩሻል፣ ምክንያቱም ኪራይ የማይሰበሰብበትን መንገድ ያውቁታል። ስንት ዶላር ድረስ ሳያስፈቅዱሽ ጥገና ማሠራት እንደሚችሉም ውል ላይ ይጻፍ። ቤቱን የሚመረምረውን ኢንስፔክተር ራስሽ ምረጪ፣ የሻጩ ኤጀንት የጠቆመሽን አትቀበይ። አሮጌ ቤት ከሆነ የፍሳሽ መስመሩ ውስጥ ካሜራ ይግባ፤ ቪዲዮው ላይ ያየሽው አዲስ ወለልና ነጭ ቀለም ነው፣ መሬት ውስጥ ያለው ቱቦ በዛፍ ሥር ተሞልቶ ቢሆንስ? ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል።

ቅርቡን ምረጪ፦ ባልቲሞር አፍንጫሽ ሥር እያለ ኢንዲያና ምን ወሰደሽ?

ሂሳብ ይቅደም፦ ባልቲሞር ከተማው ውስጥ ታክሱ ከባድ ነው። ብዙዎቹ የተያያዙ ቤቶች የመሬት ኪራይም አለባቸው፣ ቤቱን ገዝተሽ መሬቱ የሌላ ሰው ነው። መጥፎ ነው አይደለም የምልሽ፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እቁቡን እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ ለጊዜው አላመለክትም። ቤቱ እስከዛ ካልተሸጠ 125 ብላቸውስ?

ሂሳብ ይቅደም፦ ብድሩ 100 ሺህ ይሆናል፣ በወር 665። ታክሱን አልቀነስኩልሽም፤ 197 ይተርፍሻል። የፍሳሽ መስመሩ በካሜራ ታይቶ ደህና ከሆነ በ125 ሞክሪው።