«ባዶ ሜዳ» ነበረች? የድሬ ልጆች እስቲ ተናገሩ

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ እንግዳ «ድሬዳዋ ባቡሩ ሳይመጣ ባዶ ሜዳ ነበረች፣ ከተማ ያደረጓት ፈረንሳዮች ናቸው» ሲል ሰማሁት። ጋዜጠኛውም ዝም ብሎ አለፈው። በጣም ነው የተናደድኩት።

ሐዲዱ፦ ምኑ ነው የሚያናድደው? ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ስሟን ራሱ «አዲስ ሐረር» ነበር ያሏት። መስመሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ተራራው አስቸገረና እታች ቀረ። ከዚያ በፊት ከተማ የታለ?

ከደቻቱ ማዶ፦ ከተማ አልነበረም በል፣ እሺ። «ባዶ» ግን አትበል። ኢሳውና ኦሮሞው ከብቱን እዚህ ሲያጠጣ ባዶ ነበር?

ሐዲዱ፦ እኔ ባዶ አላልኩም።

ከደቻቱ ማዶ፦ ባዶ ያለውን ሰውዬ ደግፈህ ገባህ እኮ! ያው ነው።

የአያቴ ልጅ፦ ስሙን እዩት። በኦሮምኛ የመድኃኒት ሜዳ ነው።

ከደቻቱ ማዶ፦ አይደለም፣ ሱማሌኛ ነው። የኢሳዎች የጎሳ አባት ድር ጦሩን መሬት ላይ የተከለበት ማለት ነው።

የአያቴ ልጅ፦ እኛ ቤት እንደዚያ አይባልም።

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ስሙን ተዉት! ባዶ ሜዳ ላይ በሁለት ቋንቋ ስም አይጣሉም፣ ይኸው መልሱ። ደግሞ ማንም የማያነሳውን ልንገራችሁ። ድሬን ትልቅ ያደረጋት ባቡሩ እዚህ መቆሙ ነው። የፈረንሳዮቹ የባቡር ካምፓኒ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። መስመሩ እስኪቀጥል ከጅቡቲ የመጣው እቃ ሁሉ ድሬ ላይ ይራገፍና በግመልና በበቅሎ ይጫናል። አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ ሱቅ የከፈተው ለዚህ ነው።

ሐዲዱ፦ ታዲያ ያንን ሐዲድ ማን አነጠፈው? ፈረንሳይ!

የጋራዡ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ፈረንሳይ ገንዘብና መሐንዲስ አመጣ። አባቴ ሸሚንደፈር፣ የባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀው። ፈረንሳይኛ ማንበብ አይችልም፣ የብሎኑን ሁሉ ስም ግን በፈረንሳይኛ ይጠራ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታውን በነጭ ጋዝ ነክራ ታጥበዋለች። ከጥፍሩ ስር ያለው ዘይት ግን አይለቅም፣ ጡረታ ወጥቶም አልለቀቀም። ከተማውን ማን ሠራው ስትሉ እኔ የሚታየኝ ያ ጥፍር ነው።

የአያቴ ልጅ፦ ነፍስ ይማር። ሲሚንቶ ፋብሪካውንስ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተከለው ብለን ልናመሰግን ነው?

ሐዲዱ፦ ማን ጣሊያን አለ? ጨዋታ አትቀይሩ። «ባዶ» የሚለውን ትቻለሁ። ግን ከዚራ ሰፈርን ሂዱና እዩ፣ ያ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ያ ዛፍ፣ የካምፓኒው ፕላን አይደለም?

ከደቻቱ ማዶ፦ ፕላኑ የካምፓኒው ነው። ድንጋዩን ተሸክሞ ማታ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር የሚያድረውስ የማን ነበር? እሱን መልስልኝ።

ሐዲዱ፦ እመለሳለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ።