ኪሎዬ ሳይጨምር ቦርጭ አወጣሁ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ በመኪና አደጋ ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም። ክንዴ ጠንካራ ነው። ሚዛኑ 64 ኪሎ ይላል፣ ቦርጬ ግን እያደገ ነው። ዊልቸር መግፋቱ አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሚዛኑን አትመን። እኔም የዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። የእግር ጡንቻ ሲከሳ ስብ ቦታውን ይይዛል፣ ኪሎው ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች የህብለ ሰረሰር ጉዳት ላለብን የውፍረት ቢኤምአይ (ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከ22 ይጀምራል የሚሉት፤ ለሌላው ሰው 30 ነው። ወገብህን በሜትር ለካ።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት)፦ የቤት ውስጥ መግፋት አይበቃም። በ2018 እ.ኤ.አ. ለህብለ ሰረሰር ጉዳተኞች የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ በሳምንት 3 ጊዜ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ይላል። የእጅ ፔዳል ጥሩ ነው። ትከሻህን ግን አደራ!

ጠያቂ፦ እናቴ እንጀራ ስትደራርብልኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል።

መልስ፦ ዋናው እሱ ነው! ስፖርት ብቻውን ስቡን ብዙ አይቀንስም። አንዱን እንጀራ ትታ ጎመኑን ታብዛልህ።