ገዢው «የአየር ንብረት ስጋታችሁንና ዕድላችሁን ጻፉ» አለን፤ ምን ብዬ ልሙላው?

ጥያቄ፦ የቦርከና ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። 200 ያህል ሠራተኛ አለን፤ ቲሸርት ሰፍተን፣ አጥበንና ተኩሰን ለአውሮፓ ገዢ እንልካለን። ባለፈው ሳምንት ገዢው 14 ገጽ መጠይቅ ላከና በ12 ቀን መልሱ አለ። ሥራ አስኪያጁ «አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ» ብሎ እኔ ላይ ጣለው።

መጀመሪያ «ምን ያህል ጭስ ታወጣላችሁ» የሚል መስሎኝ ነበር። ገለጥ ሳደርገው «ጎርፍ፣ ድርቅና ሙቀት ንግዳችሁን እንዴት ይነካዋል» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ከአየር ንብረት ለውጥ የምታገኙት መልካም ዕድል» የሚል ሙሉ ገጽ አለ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ድርቅን ዕድል ብሎ መጻፍ ነውር አይሆንም? አለቃዬ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ሪፖርት ገልብጪና ችግኝ መትከላችንን ጨምሪበት ይላል። እኔ ግን ቆይተው መጥተው ቢያዩስ ብዬ ፈራሁ። የሞላ ሰው ካለ ይርዳኝ።

መልስ፦ ባለሒሳቡ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። አንድ ፋብሪካ እንደዚህ ያለውን መጠይቅ ሲሞላ አግዣለሁ፤ እንደሚያስፈራው አይደለም። የተደበላለቀብሽ ሁለቱ አቅጣጫ ነው። አንደኛው እናንተ አየሩ ላይ የምታደርሱት ነው፤ ናፍጣው፣ መብራቱ፣ ጭነቱ። ሁለተኛው አየሩ እናንተ ላይ የሚያደርሰው ነው። ባንክና ገዢ አሁን አጥብቀው የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው፤ ዕቃቸው በቀኑ ይድረስ አይድረስ የሚወሰነው በእሱ ነዋ።

ጥያቄዎቹ ገዢው ከራሱ ያመጣቸው አይደሉም። የዓለም የፋይናንስ መረጋጋት ቦርድ በ2015 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኩባንያዎች የአየር ንብረት ስጋታቸውን እንዴት ይግለጹ የሚለውን የሚያይ፣ ቲሲኤፍዲ የሚባል ግብረ ኃይል አቋቁሞ ነበር፤ እሱም በ2017 ምክረ ሐሳቡን አወጣ። ኩባንያው አራት ነገር ይመልስ አለ፦ ጉዳዩን ማን ይከታተላል፣ የንግድ ዕቅዱን እንዴት ይነካል፣ ስጋቱን በምን መንገድ ትለያላችሁ፣ በምን ቁጥር ትለካላችሁ። ግብረ ኃይሉ በ2023 ሥራውን ጨርሶ ተበተነ፤ አራቱ ጥያቄ ግን በዚያው ዓመት በወጣው አይኤፍአርኤስ ኤስ2 በሚባለው ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሪፖርት መስፈርት ውስጥ ገባ። በ2000 የተቋቋመውና ለኩባንያዎች መጠይቅ የሚልከው ሲዲፒ የሚባል ድርጅትም በዚሁ መንገድ ነው የሚጠይቀው። አንዴ በደንብ ከሞላሽው ለሚቀጥለው ገዢም ይሆንሻል።

ስጋቱንም ሁለት ቦታ ክፈይው። አካላዊ የሚሉት ጎርፉ፣ ሙቀቱ፣ የውሃ እጥረቱ ነው። የሽግግር ስጋት የሚሉት ደግሞ ዓለም ከነዳጅ ሲወጣ የሚመጣውን ነው፤ አዲስ ሕግ፣ የናፍጣ ዋጋ፣ ገዢው ፊቱን ወደ ሌላ ማዞሩ።

መገልበጡን ተይው። የአንድ የውጭ ኩባንያ ሪፖርት ተገልብጦ «የባሕር ከፍታ መጨመር ያሰጋናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይነሣ ሲላክ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ላይ ተቀምጣ!

መልስ፦ ቦይለር

ከላይ ያለው ወንድሜ ጨርሶታል፤ እኔ የጥገና ሰው ስለሆንኩ የቁጥሩን ላሳይሽ።

ጭሱን ስኮፕ በሚሉት ምድብ ይከፍሉታል። ስኮፕ 1 ግቢያችሁ ውስጥ ያቃጠላችሁት ነው፤ ጀነሬተር፣ ቦይለር፣ የድርጅቱ መኪና። የጀነሬተሩን መዝገብ ከጥገና ክፍል፣ የናፍጣውን ወጪ ከንብረት ክፍል ጠይቂ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በወር 1,200 ሊትር ብትጠቀሙ በዓመት 14,400 ሊትር፣ ማለትም ወደ 39 ቶን ነው። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስኮፕ 2 የገዛችሁት መብራት ነው። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ስለሆነ ቁጥራችሁ ከሰል ከሚያቃጥል አገር ፋብሪካ በጣም ያንሳል። ይሄን ሳታፍሪ ዕድል የሚለው ገጽ ላይ ጻፊው፤ ገዢው ከእናንተ ሲገዛ የራሱ ስኮፕ 3 (ከሚገዛው ዕቃ ጋር የሚቆጠርበት ጭስ) ይቀንስለታል።

ግን ያው ውሃ ስጋትም ነው። በግንቦት 2011 (በእኛ አቆጣጠር) የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ቀንሶ አገሪቱ በፈረቃ መብራት ስትጠቀም ታስታውሻለሽ? ፋብሪካም አልቀረለትም። ዝናብ ሲጠፋ መብራት ይጠፋል፣ ጀነሬተር ይነሣል፣ ናፍጣ ይበላል፣ የቲሸርቱ ወጪ ይጨምራል። ህዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋልና ኃይሉ ጨምሯል፤ ህዳሴም ቢሆን የሚጠብቀው ዝናብን ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ወረቀቱን ለእነዚህ ልጆች ተይላቸውና አንቺ ግቢውን ዙሪ። 30 ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ክረምት ላይ ውሃ የት ድረስ እንደመጣ ከዘበኛው በላይ የሚያውቅ የለም። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ካለ በሜትር ለኪው፣ ከዚያ መስመር በታች የተከመረውን ጨርቅ ቁጠሪ። ስጋታችሁ ያ ነው፤ በብርም ይወጣል። የመድን ውሉንም አስወጥተሽ እዪ። ብዙ ጊዜ የእሳት መድን ጎርፍን የሚሸፍነው ለብቻው ሲጨመር ነው።

የጉድጓዱን ውሃ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ያውቀዋል፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስንት ሰዓት ስቦ እንደሚደርቅ ጠይቂው። ከጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ ደግሞ በሚሌና በባቲ አድርጎ ነው፤ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ኮንቴይነር የቆመበትን ቀን ትራንዚተራችሁ ጽፎታል። ጥጡ የአገር ውስጥ ከሆነ አዋሽን አትርሺ። በነሐሴ 2012 ሞልቶ አፋር ላይ ስንቱን እርሻ ነው ያጥለቀለቀው።

አንድ ነገር ደግሞ እነሱ የማይጠይቁሽ፣ አንቺ ግን የምትጽፊው። በልግ ሲቀር ደላንታና መቄት ያለ ቤተሰብ ይቸገራል። ያኔ የእናንተዋ ሰፊ ልጅ ደመወዟን ትልካለች፣ ወይ ፈቃድ ጠይቃ ትሄዳለች፣ አንዳንዷም ሳትመለስ ትቀራለች። የካቲትና መጋቢት ዝናብ በጠፋባቸው ዓመታት የቀሪውን መዝገብ ከሌላው ዓመት ጋር አስተያይው።

ጥያቄ፦ የቦርከና ማዶ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት! የቀሪ መዝገቡ እኔው ክፍል ነው ያለው፤ ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «አውሮፓ በካርቦን ቀረጥ ሊጥልብን ነው» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ባለሒሳቡ ከደሴ

ሲቢኤኤም የሚሉትን፣ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚያስከፍለውን የካርቦን ክፍያ ሰምቶ ነው። የሚነካው ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ አልሙኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ሃይድሮጅንንና ኤሌክትሪክን ነው። ከ2023 ጥቅምት ወር ጀምሮ ሪፖርት ብቻ ነበር፣ ክፍያ ያለበት ደረጃ በ2026 ጀመረ (አሁንም በፈረንጅ)። ልብስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ቀረጥ ይመጣብናል» ብለሽ አትጻፊ፤ «ወደፊት ሊሰፋ ይችላል፣ እንከታተላለን» ይበቃል።

መልስ፦ አረንጓዴው

ችግኙንስ? እኛ በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ እንወጣለን፣ ፎቶም አለን 😄

መልስ፦ ቦይለር

ፎቶው ጥሩ ነው፤ ከናፍጣው ላይ ግን አይቀነስም። የተከላችሁትን ለብቻው ጻፉ፣ ስንቱ እንደጸደቀም ጨምሩ። እሱን ቆጥሮ የሚያውቅ ድርጅት እስካሁን አልገጠመኝም።

ለእህታችን ስለ ዕድል ልመለስ። ድርቁ ዕድል ነው ማለት አይደለም፤ ለድርቁ ስትዘጋጁ የምታተርፉትን ነው የሚጠይቁሽ። የእንፋሎት ቧንቧችሁ ልባስ የሌለው ከሆነ ናፍጣ እየከፈላችሁ ግቢውን እያሞቃችሁ ነው፤ ማልበሱ ርካሽ ነው፣ ከሁሉ በፊት እሱን ጻፉ። ቀጥሎ ጣሪያው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ይሰጣል። 2,000 ካሬ ጣሪያ ላይ 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አምስተኛው ይባክናል ብንል እንኳ 800 ሜትር ኩብ ነው። ዋናው ወጪ ማጠራቀሚያው ስለሆነ ዋጋ አስወጡና ያገኛችሁትን ጻፉ። ያው ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሥሩ የሚሰፉት ልጆች ይጠበሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ምርት ከጠዋቱ ጋር አስተያዪ። ሶላሩን ግን ጣሪያው መሸከሙ ሳይታይ ቃል እንዳትገቡ።

መልስ፦ ባለሒሳቡ ከደሴ

ያልለካችሁትን ቦታ ባዶ አትተዪው፣ ፈጥረሽም አትሙዪው። «አልተለካም፤ ከመስከረም ጀምሮ መመዝገብ እንጀምራለን» ብለሽ የሚመዘግበውን ሰው የሥራ ድርሻ ጥቀሺ። እንዲህ ያለ መልስ በቀጣዩ ዓመት ራሱ መሻሻል ሆኖ ይታይላችኋል።

ጥያቄ፦ የቦርከና ማዶ

ዛሬ ዘበኛችንን ጠየቅኩት። ወደ መጋዘኑ ወስዶ የጭቃውን መስመር አሳየኝ፤ ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ የታተመው ካርቶን ሁሉ እስካሁን ወለል ላይ ነው የተከመረው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ አየና ነገ መደርደሪያ ይሠራል ብሏል። ጀነሬተሩም ደብተር አለው፤ የሁለት ወር ገጽ ግን ተቀዷል።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቅጹ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይላል፣ የእኛ ሒሳብ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። እንደገና ልደምረው?

መልስ፦ ባለሒሳቡ ከደሴ

አትድከሚ። የሪፖርቱ ዘመን የሚለው ላይ የበጀት ዓመታችሁን በፈረንጅ ቀን ጻፊው። ለምሳሌ የ2017 በጀት ዓመት ከ8 ጁላይ 2024 እስከ 7 ጁላይ 2025 ነው። ኦዲት የተደረገው ሒሳባችሁም በዚያው ስለሆነ ቁጥሩ ይገጥማል። የተቀደደውን ሁለት ወር ከንብረት ክፍሉ የናፍጣ ወጪ ደረሰኝ ሙዪና «ከደረሰኝ የተሰላ» ብለሽ ከጎኑ አስታውሺ።