ጀርመን ሱፐርማርኬት ካሴ (ሂሳብ መክፈያው) ጋ ስንደርስ ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ለምንድን ነው?

የካሰሏ፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ለትምህርት ካሰል ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። ትራሙም፣ ቢሮውም፣ ብርዱም እየተለመደ ነው። ሱፐርማርኬት ካሴ ጋ ስደርስ ግን አሁንም ልቤ ድው ድው ይላል። ገንዘብ ተቀባይዋ ዕቃውን ጢጥ ጢጥ እያደረገች ትለቅብኛለች። ወተቱን ቦርሳ ውስጥ ሳልከት ድንቹ ይመጣል፣ ድንቹን ሳነሳ እንቁላሉ ከተፍ ይላል። ሂሳቡን ነግራኝ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ እኔ ገና ግማሹን አልሰበሰብኩም። ከኋላዬ ያሉትም ዝም ብለው ያዩኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ደግሞ አንድ ዕቃ ብቻ የያዘ ሰው ሲያሳልፉ አያለሁ፤ ግዴታ ነው እንዴ? ከሌላ ሱቅ የገዛሁትን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ብገባስ ችግር አለው? ባዶ ጠርሙሱም በረንዳዬን ሞልቶታል፣ ምን ላድርገው?

ከካሴ_ማዶ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ኑርንበርግ ካሴ ላይ ነው የምሠራው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የማየውን ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ካሸሯ ፊት ቆመሽ ቦርሳ ውስጥ ልደርድር አትበይ። በተለይ አልዲና ሊድል በሚባሉት ርካሽ ሱቆች ውስጥ ከስካነሩ ቀጥሎ ያለችው ቦታ ጠባብ ነች፤ ዕቃ እንዲከማችባት አይደለም የተሠራችው። ጋሪሽን ጠጋ አድርገሽ አቁሚው። እኔ ያሳለፍኩትን በቀጥታ ወደ ጋሪው መልሺና ከፍለሽ ሂጂ። ግድግዳው ወይም መስኮቱ ጋ ረጅም ጠረጴዛ አለ። እዚያ ቦርሳሽን ዘርግተሽ ድንቹን ከታች፣ እንቁላሉን ከላይ እያልሽ እስከፈለግሽ ብትደረድሪ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም። ለጋሪው ባለ 50 ሳንቲም ወይም 1 ዩሮ ኪስሽ ውስጥ አይጥፋ፤ ጋሪውን ስትመልሺ ይመለስልሻል።

ፍጥነታችን ጥላቻ አይደለም። አልዲ የራሱ ምርቶች ላይ ባርኮዱን በብዙ ጎን ያሳትማል፤ ካሸሩ ዕቃውን እያገላበጠ እንዳይፈልግ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ርካሽ ሱቆች ያው ሰው ካሴም ይሠራል፣ ካርቶንም ይከፍታል፣ ዳቦም ምድጃ ውስጥ ይከታል። ሰልፉን ቶሎ ካልጨረስኩ ወተቱን መደርደሪያ ላይ የሚሞላልኝ የለም። አንቺን ለማሸማቀቅ ጊዜው ራሱ ከየት ይመጣል?

ዋናው ብልሃት ያለው ዕቃውን ወደ ካሸሩ በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ጎማ ላይ ስትደረድሪ ነው። እኔ የማሳልፈው አንቺ በደረደርሽው ተራ ነው። ስለዚህ ከባድ ከባዱን አስቀድሚ፦ ድንች፣ ወተት፣ ዱቄት። ከዚያ ቆርቆሮና ፓስታ። ዳቦ፣ ቲማቲምና እንቁላል መጨረሻ። ጠርሙስ አታቁሚ፣ ጎማው ሲነሳ ይወድቃል። አፉን ወደ እኔ አድርገሽ በርዝመቱ አስተኚው፤ ወደ ጎን ከተኛ ግን ይንከባለላል። ሁለት ሦስት እሽግ ውሃ ከገዛሽ ሁሉንም እያነሳሽ ወገብሽን አትቁረጪ። አንዱን አውጪና ስንት እንደሆነ ንገሪኝ፤ ቁጥሩን እኔ እመታዋለሁ። ስትጨርሺ ዕቃሽን ከሌላ ሰው ዕቃ የምትለየዋን ዘንግ ከዕቃሽ ኋላ አስቀምጪ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ከኋላሽ ያለው ሰው የሚያመሰግንሽ ግን በእሷ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንድ ጡረተኛ ደንበኛ አሉኝ። ዳቦ፣ ቅቤ፣ የድመት ምግብ። ባርኮዱን ሁሉ ወደ እኔ አዙረው ነው የሚደረድሩት። ክፍያ ላይ ሲደርሱ ግን የሳንቲም ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ያወርዳሉ። ከዚያ ባለ አንድ ሳንቲሟን ሳትቀር እየለቀሙ ትሪው ላይ ይቆጥራሉ። መሃል ላይ ይጠፋባቸውና እንደገና ይጀምራሉ። ሰልፉ ያቃስታል እንጂ ቃል አይተነፍስም። እሳቸውን የታገሠ ሰልፍ አንቺን ለአንድ ካርቶን ወተት አይበላሽም።

አንድ ዕቃ የያዘን ሰው ማሳለፍ ግዴታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ጋሪሽ ሙሉ ከሆነ ዞር ብለሽ በእጅሽ እለፍ በይው። አንቺ ያ ባለ አንድ ዕቃ ከሆንሽ ደግሞ መጠየቅ ነውር የለውም፤ አንገት ላይ መተንፈስ ግን ነውር ነው። ከፊትሽ ካለው ሰው አንድ ክንድ ራቂ። (ሁለተኛ ካሴ ይከፈታል ሲባል ግን ያ ሁሉ ጨዋ ሰው ሲሮጥ ታያለሽ። እዚያ ላይ ሕግ የለም።)

ቦርሳ ይዞ መግባት ይቻላል። ያልከፈልሽበትን ዕቃ ብቻ ውስጡ አትክተቺ፤ በዘንቢል ያዢው። ከሌላ ሱቅ ለገዛሽው ደረሰኙን ያዢ። ካሸር ቦርሳሽን ማየት እንችላለን ወይ ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። እሺ ማለት ነገሩን ያሳጥረዋል፤ ያለ ተጨባጭ ጥርጣሬ ግን ክፈቺ ብለን የማስገደድ መብት የለንም።

የዱይስበርጉ፦

የጠርሙሱን ለእኔ ተዉልኝ፣ በዚህ ሊቅ ነኝ። ፋንድ ይባላል፤ ስትገዢ የከፈልሽው መያዣ ነው። ተጠቅመን የምንጥለው የመጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ 25 ሳንቲም ነው። ተመልሶ የሚሞላው የቢራ ጠርሙስ አብዛኛው 8፣ ሌላው 15 ሳንቲም። ከ2024 ጀምሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ወተትም ገብቶበታል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ መግቢያው አካባቢ ነው። ጠርሙሱን አትጨፍልቂ፣ ወረቀቱንም አትላጪ፤ ማሽኑ ይተፋዋል። ስትጨርሺ ቁልፉን ተጫኚና የሚወጣውን ደረሰኝ (ቦኑን) ውሰጂ። ካሴ ላይ ከዕቃሽ ጋር ስትሰጪ ከሂሳብሽ ይቀነሳል፤ ምንም ካልገዛሽም ጥሬ ገንዘቡን ይሰጡሻል። የወይን ጠርሙስና የማርማላታ ብልቃጥ አብዛኛው ፋንድ የለውም፣ ሰፈር ያለው የብርጭቆ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው የሚጣለው። እሁድ ግን እንዳትጥዪ፣ ጎረቤት ይጮህብሻል።

ከካሴ ማዶ ካለችው እህት ጋር የማልስማማው ጋሪው ላይ ነው። ለአንድ ተማሪ ዕቃ ጋሪ ምን ያደርጋል? ራስሽ ስካን የምታደርጊበት ማሽን ካለ እዚያ ሂጂ፣ የሚያጣድፍሽ የለም። ደረሰኙን ብቻ አትጣዪው። ብዙ ቦታ መውጫው የሚከፈተው የደረሰኙን ባርኮድ ስታሳዪው ነው።

የፍራንክፈርቷ_እናት፦

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ እዚህ ሀገር ልጆች አሳድጌበታለሁ፣ ካሸሮቹም ዛሬ በስሜ ይጠሩኛል። ካሴ ጋ ስትደርሺ ቀድመሽ ሃሎ በያት። ስትወጪም መልካም ቀን ተመኚላት። ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ታያለሽ።

እሁድ ዝግ መሆኑን እንዳትረሺ። ፋሲካቸው ሲደርስ ደግሞ ዓርብ ስቅለትም ሰኞም ዝግ ነው፤ ሐሙስና ቅዳሜ ሱቁ የሚዘረፍ ነው የሚመስለው። ከቸገረሽ ትልልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉ ሱቆች እሁድም ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ግን ይቆነጥጣል። የጨርቅ ቦርሳ ከቤትሽ ያዢ። ተራው የፕላስቲክ ፌስታል ከ2022 ጀምሮ ካሴ ላይ መሸጥ ተከልክሏል፤ ለፍራፍሬ የምትሆነዋ ስስ ላስቲክ ግን አልተከለከለችም።

ፍራፍሬው ጋ ሚዛን ካየሽ ራስሽ መዝነሽ ወረቀቱን ለጥፊ። ሳትመዝኚ ካሴ ከደረስሽ ሰልፉ ሁሉ አንቺን ይጠብቃል። አልዲና ሊድል ግን ካሴው ላይ ራሳቸው ይመዝናሉ። ወይኑን ደግሞ አንድ ሁለት ፍሬ ልቅመስ አትበይ። ቲማቲሙንም እየጫንሽ አትፈትሺ፣ አይወዱም።

የካሰሏ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ብቻ፦ ከመክፈሌ በፊት ሁልጊዜ የሆነ ካርድ ይጠይቁኛል፣ የባንክ ካርዴን ሳሳይ ይስቃሉ። ደግሞ የእንቁላል ካርቶን ከፍቶ ማየት ይፈቀዳል?

ከካሴ_ማዶ፦

የሚጠይቁሽ የነጥብ ካርድ ነው፣ ለሚቀጥለው ግዢ ነጥብ የሚያጠራቅም። ከሌለሽ “ናይን” (አይ) ብቻ በይ፤ እኛም ከልማድ ነው የምንጠይቀው።

እንቁላሉን ክፈቺው፣ ሁሉም ይከፍታል። እያንዳንዱን ትንሽ ነቅነቅ አድርጊ፤ የተሰበረ ከሆነ ከካርቶኑ ጋር ተጣብቆ አይነሳም። ቅርፊቱ ላይ የመጀመሪያዋን ቁጥርም እያት። 0 ኦርጋኒክ ነው፣ 1 ዶሮዋ ውጭ የምትወጣበት፣ 2 ቤት ውስጥ መሬት ላይ የምትኖርበት፣ 3 በቀፎ የታሰረችበት ነው። የተማሪ ኪስ 2 ላይ ነው የሚያርፈው።