ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃዬ በ25 ሜትር ለምን ይበትናል?

ሳሚ (ሽቱትጋርት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃው በርሜሉ እየታጠፈ የሚጎርስ ባለ ሞላ ነው፤ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የ«ኤፍ» ምልክት ያለበት፣ ማለትም ጉልበቱ ከ7.5 ጁል የማያልፍ። በ10 ሜትር ደህና ይመታል። በ25 ሜትር ግን አንዴ አምስቱንም በ3 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበስብና ቀጥሎ 8 ሳንቲ ሜትር ይበትናል። የማነጣጠሪያ መነፅሩ 3-9×40 ነው (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊ ሜትር)፣ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ። ከፊት ጠንካራ የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ ትከሻዬ ላይ አጥብቄ ነው የምይዘው። እርሳሱ፣ ማለትም ጥይቱ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጠብ ላድርግበት?

ዳዊት፦ ዘይቱን እርሳው ወንድሜ። ሞላው ፒስተኑን ሲወነጭፈው አየሩ ታምቆ ይግላል፤ ዘይት ካገኘ ልክ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠላል። ጢስ ይወጣል፣ ድምፁ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ በየተኩሱ ይዘላል፣ የፒስተኑም ጓርኒሲዮን ይበላሻል።

መጀመሪያ ብሎኖቹን እይ። ከፊት እንጨቱ ላይ ግራና ቀኝ አንዳንድ፣ ምላጩ አካባቢ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት አሉ። የሞላ ንዝረት ያላላቸዋል፤ እንጨቱና ብረቱ ሲነጣጠሉ ምቱ በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። አውጣቸው፣ ክራቸውን በአልኮል አጽዳ፣ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) አድርገህ መልስ። ልኩ በሆነ ካቻቢቴ እስኪይዝ አጥብቅ፤ እንጨቱን እስኪጨፈልቅ ግን አይሁን።

ሔለን፦ ምንም ከመፍታትህ በፊት የተኮስክበትን ወረቀት ተመልከት። 0.53 ግራም እርሳስ በ7.5 ጁል በሰከንድ 168 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ቢለያይ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ምቱ ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ወደ ጎን ግን አይሄድም። ስለዚህ 8 ሳንቲ ሜትሩን በሞላ ድካም ለማስረዳት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ40 እስከ 50 ሜትር ገደማ መዋዠቅ ነበረበት። ያን ያህል ቢሆን በጆሮህም ትለየው ነበር።

ምቶቹ ሁለት ቦታ ተለያይተው ከተሰበሰቡ አንድ ነገር ከቦታው እየተንቀሳቀሰ ነው፦ መነፅሩ፣ ወይም የበርሜሉ መጋጠሚያ።

ዮናስ፦ እኔ የምጠረጥረው መነፅሩን ነው። ባለ ሞላ ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል። ወደ ኋላ ብቻ ለሚገፋ ጠመንጃ የተሠራ መነፅር ይህን ሳይችል ቀርቶ ውስጡ ይላላል። መነፅሩን የሚይዘው ማሰሪያም ጠመንጃው ላይ ባለው ሐዲድ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከማሰሪያው ፊት ለፊት በመጻፊያ እርሳስ መስመር አስምርና ከተኩሱ በኋላ ክፍተት መኖሩን እይ። ከተንሸራተተ ማቆሚያ ፒን ያለው ማሰሪያ ያስፈልግሃል።

ሌላም አለ። እንዲህ ያሉ መነፅሮች ብዙ ጊዜ ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር የተስተካከሉ ናቸው። በ40 ሚሊ ሜትር መስታወት ዓይንህ ከመሀል ሲወጣ በ25 ሜትር ላይ እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ስህተት ይፈጠራል። ጉንጭህን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አሳርፍ። ከፍታ ማስተካከያውን ወደ መጨረሻው አዙረኸው ከሆነም ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞላ መያዝ ያቅታታል። ቀላሉ ፈተና መነፅሩን አውርዶ በብረቱ ማነጣጠሪያ መተኮስ ነው።

ጋሽ በቀለ፦ ልጆች፣ አያያዙን ዘለላችሁት። ሳሚ፣ እርሳሱ ከበርሜሉ ሳይወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። አጥብቀህ ስትይዘው የጭመቅህ ልክ በየተኩሱ ስለሚለያይ እሱም በየተኩሱ ሌላ አቅጣጫ ይዘላል። ጠንካራ ከረጢት ደግሞ ወደ ላይ ያነጥረዋል። መዳፍህን ከረጢቱ ላይ ዘርጋና እንጨቱን በላዩ አሳርፍ፤ ጣቶችህ አይጨብጡት። ሰደፉ ትከሻህን ነካ ብቻ ያድርግ። መዳፍህን በ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዛወርክ የሚሰበስብበትን ቦታ ፈልግ፤ ካገኘኸው በኋላ እንጨቱ ላይ ምልክት አድርግ።

ስታጎርስም በርሜሉን በአንድ እጅህ ይዘህ ቆይ። ሞላው ካመለጠ ጣት ይወስዳል።

ሔለን፦ እርሳሱንም ቀይር። ጠፍጣፋው ለ10 ሜትር ወረቀት ነው፣ ከ20 ሜትር በኋላ መረጋጋት ያጣል። ጫፉ ክብ የሆነውን ውሰድ፤ 4.50፣ 4.51 እና 4.52 ሚሊ ሜትር ካሉት በርሜልህ የሚወደውን እስክታገኝ ሞክር። ቀሚሱ (ከኋላ ያለው ስስ ጠርዝ) የተጣመመውን ጣል። ዓይነት ከቀየርክ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ከ10 እስከ 20 ተኩስ አትቁጠር። ከነካካህ በኋላ እጅህን መታጠብ አትርሳ፣ እርሳስ መርዝ ነው።

ሳሚ፦ የፊቱ ሁለት ብሎን ልል ነበር። አያያዙንና እርሳሱን ቀየርኩ፣ መነፅሩም አልተንሸራተተም። አሁን 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ግን አልፎ አልፎ አንዷ ወደ ቀኝ ትወጣለች።

ዳዊት፦ ነፋስ ካልሆነ ሁለት ነገር ይቀራል። በርሜሉ ሲከፈት ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ የማጠፊያውን ብሎን በጥቂቱ አጥብቅ። ከዚያ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አስቀምጠህ ተኩስ፤ ከዘለለ አየር ያመልጣል ማለት ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ክብ ጎማ ቀይራት። እርሳስ ሳይጎርስ ግን እንዳትተኩስ፣ ፒስተኑ ብረቱን ይመታል።

ዮናስ፦ አፈሙዙንም በጥጥ ዙሪያውን አብስ። ክር ከያዘ የተሸረፈ ቦታ አለ፤ ያን ጊዜ ለባለሙያ መስጠት ነው። በርሜሉን ስታጸዳ ደግሞ ደረቅ ጨርቅ ከኋላ ወደ ፊት ጎትት፣ የናስ ብሩሽ አትጠቀም።

ጋሽ በቀለ፦ በየሳምንቱ ማጽዳት ግን አያስፈልግም። መሰብሰብ ሲተው ብቻ ነው የሚጸዳው።