ክርክር፦ በማደግ ላይ ያለ አገር ፋብሪካዎቹን ከውጭ ውድድር ይከልል ወይስ ለገበያው ይተው?

ተከራካሪ ሀ፦ እኔ ለገበያው ይተው ከሚሉት ወገን ነኝ። ህንድ ውስጥ አምባሳደር የተባለችው መኪና ከእንግሊዟ ሞሪስ ኦክስፎርድ ተቀድታ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት መልኳ እምብዛም ሳይለወጥ የተመረተችው፣ የውጭ መኪና በማይገባበትና ፋብሪካ ለማስፋትም የመንግሥት ፈቃድ በሚጠየቅበት አገር ገዢው የሚያማርጠው ብዙ ስላልነበረው ነው። መጨረሻው በ1991 ታየ፤ የውጭ ምንዛሬው ተሟጥጦ መንግሥት ወርቁን በመያዣነት ወደ ውጭ ላከ።

ተከራካሪ ለ፦ ህንድን የጎዳት ከለላው ራሱ ሳይሆን ግዴታ ያልተጣለበት መሆኑ ነው። ደቡብ ኮሪያም ገበያዋን ዘግታ፣ ባንኮቿንም በመንግሥት እጅ አድርጋ ነበር፤ ነገር ግን ርካሹ ብድር የሚደርሰው ወደ ውጭ ለሚልክ ድርጅት ነበር፣ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂም የወጪ ንግዱን ውጤት በየወሩ ስብሰባ እየመሩ ይከታተሉት ነበር። በ1964 100 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የወጪ ንግድ በ1977 10 ቢሊዮን ደረሰ። የአገር ውስጥ ሹም በሪፖርት ሊታለል ይችላል፤ ዕቃውን አልፈልግም ያለ የባሕር ማዶ ገዢ ግን በሪፖርት አይታለልም።

ተከራካሪ ሐ፦ ያ እኮ የሠራተኛ ማኅበራትን አፍ የዘጋ የጄኔራል መንግሥት ነው። ተበዳሪው የባለሥልጣኑ አማች ሲሆን ብድሩን የሚያስቆመው ማን ነው? በኮሪያ በራሷ በ1997 መጀመሪያ የወደቀው የሃንቦ ብረታ ብረት ድርጅት ብድሩን በጉቦ ማግኘቱ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አገሪቱ ለዓለም የገንዘብ ድርጅት እጇን ዘረጋች።

ተከራካሪ ለ፦ ሐ ያነሱት ትክክለኛ ነጥብ ነው፣ ግን መተውም ከዝምድና ብድር አያድንም። ቺሊ በ1979 ታሪፏን (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ) ወደ 10 በመቶ አውርዳ፣ ባንኮቿንም ለግል ባለሀብቶች ሰጥታ ነበር፤ ባንኮቹ ግን ለራሳቸው ባለቤቶች ኩባንያዎች አበደሩ፤ በ1982 ኢኮኖሚው ከ10 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ፣ በቀጣዩ ዓመትም መንግሥት ትልልቆቹን ባንኮች ተረከበ። የመዳብ ማዕድኑን ደግሞ ያው መንግሥት ለገበያው አልተወም፤ ይህን ብዙዎች አያነሱትም።

ተከራካሪ ሀ፦ የቺሊውን እቀበላለሁ። እንግዲያው ከለላ የሚሰጥ አዋጅ የሚያበቃበትን ቀን ይጻፍ፤ በዚህ ከተስማማን ልዩነታችን ጠቧል።

ተከራካሪ ለ፦ ቀን በማሻሻያ አዋጅ ይራዘማል። እኔ የምለው፣ ድርጅቱ የሚቀጥለውን ብድር ሲጠይቅ ስለ ልፋቱ የጻፈው ደብዳቤ ሳይሆን ወደ ውጭ የላከበት የጉምሩክ ሰነድ ይታይ ነው።